«ዝማሬ ጸጋ ነው፤ ፈተና ምን አመጣው?»

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይድረስዎ። በሰንበት ትምህርት ቤታችን መዝሙር ክፍል አገለግላለሁ። ዘንድሮ መዝሙር የሚያስጠኑና የሚመሩ ሁሉ ስድስት ወር ይሠልጥኑ፣ ከዚያ ተመዝነው ይመደቡ ተብሎ ተወሰነ። ብዙዎች ከፍቷቸዋል። ሁላችንንም ያስጠናን ታላቅ ወንድማችንማ «ዝማሬ ጸጋ ነው፤ ጸጋን ማን ይፈትናል?» ብሎ ከቀረ ሰነበተ። እውነት መንፈስ ቅዱስ የሰጠው ነገር በፈተና ይለካል?

መልስ፦ እህቴ፣ መዝሙር መሪ ንስሐ ይግባ፣ ይጹም፣ ይቁረብ የሚለውን ታውቂዋለሽና አልደግምልሽም። የእኔ ጉዳይ «ጸጋ አይፈተንም» ከምትለዋ ቃል ጋር ነው። ስንት ቦታ ሰማኋት መሰለሽ! መንፈሳዊ ትመስላለች፤ ደግሞ አፍ ታስይዛለች። ማን ደፍሮ ከመንፈስ ቅዱስ ጋር ይከራከራል?

እስቲ ገብር ኄርን፣ «በጎ አገልጋይ» የምንለውን፣ አስቢው፤ የዐቢይ ጾምን ስድስተኛ እሑድ። ጌታቸው መክሊቱን ሰጥቷቸው ሄደ። ከብዙ ዘመን በኋላ ግን መጣና ተቆጣጠራቸው ይላል፤ ማቴዎስ 25 ላይ ነው። መክሊቱ ስጦታ አልነበረም? ነበር። ታዲያ ስጦታ ነው ተብሎ ሳይጠየቅ የታለፈ አለ? የለም። ባለ አምስቱም ቆሞ መልስ ሰጥቷል። በጥያቄው የተማረረው ያ መክሊቱን የቀበረው ብቻ ነው። እኔን የሚገርመኝ፣ ያን እሑድ «ገብር ኄር» እያልን ደረታችንን ነፍተን የምንዘምረውም እኛ፣ በሳምንቱ «መዝሙር ክፍሉ ይገምገም» ሲባል የምንቆጣውም እኛው መሆናችን ነው።

«ቅዱስ ያሬድስ ዜማውን ከሰማይ አይደል የተቀበለው?» የሚሉኝም አሉ። ልክ ነው። ግን ታሪኩን ከመሐል አትጀምሩት። ዜማውን ካሰሙት ከሦስቱ አዕዋፍ በፊት ያስተማረው አጎቱ ጌዴዎን አለ። ትምህርት አልገባው ብሎ የተገረፈበት፣ ተማሮ የሸሸበት ጊዜ አለ። ዛፉ ላይ እየወደቀ እየተነሣ የሚወጣው፣ እሱን አይቶ ወደ ትምህርቱ የተመለሰበት ትል አለ። ከሰማይ የተቀበለውንም ለደቀ መዛሙርቱ አስተማረው እንጂ «የእኔ ጸጋ ነው» ብሎ ይዞት አልተቀመጠም።

ያ ትምህርት ዛሬም የሚሄደው በፈተና ነው። ዜማ ቤት የኖረ ሰው ጠይቂ። ተማሪው ጾመ ድጓውን፣ የዐቢይ ጾሙን የዜማ መጽሐፍ፣ በቃሉ ሲያዜም የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ የተኙ ነው የሚመስሉት። ከዜማ ምልክቶቹ አንዲት ርክርክ ስትዘለል፣ ደረት የተባለው ምልክት በሚገባበት ድፋት ሲገባ ግን «ተመለስ!» ይላሉ። ድምፅህ ያምራል ብሎ የሚያሳልፈው የለም። ዋናውን የዜማ መጽሐፍ ድጓውን ቢዘልቅ እንኳ ገና ነው፤ የድጓ ማስመስከሪያ ወደሆነችው ጋይንት ቤተ ልሔም ወርዶ፣ ተፈትኖ ያስመሰክራል። ዝማሬ መዋሥዕት የሚባለውን የዜማ ትምህርት ከሆነ ደግሞ ወደ ማስመስከሪያው ዙር አምባ ይሄዳል። እነዚህን ሊቃውንት «ስለተፈተኑ ጸጋ የላቸውም» የሚል ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

ዕድሜና ልምድም ከዚህ አያስጥልም። 1ኛ ዜና መዋዕል 25ን አንብቢ። ዳዊት ለዝማሬ የመደባቸው የሠለጠኑ አዋቂዎች 288 ነበሩ፤ ተራቸው በዕጣ ሲወጣ ታናሹም ታላቁም፣ አስተማሪውም ተማሪውም እኩል ነበሩ።

አሁን ደግሞ ወደ እናንተ ወደ ፈታኞቹ ልምጣ፤ ዝም ብዬ ላልፋችሁ አልችልም። አንዱን ማይክ አስይዛችሁ፣ አንድ መዝሙር አስዘምራችሁ፣ ለድምፁ ነጥብ ልትሰጡት ከሆነ ባትጀምሩት ይሻላል። ያ ያው «ጸጋው ድምፁ ነው» የሚለው ስሕተት ነው፤ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ መጣ እንጂ። ድምፀ መልካም ሆኖ ማስጠናት የማይችል ስንት አለ! ይልቅ የማያውቀውን መዝሙር ስጡት፣ ከሕፃናት ክፍል አምስት ስድስት ልጆች አምጡለት፣ እናንተ ጥግ ይዛችሁ ዝም በሉ። ግጥሙን ከዩቲዩብ ከነስሕተቱ ገልብጦ መጣ ወይስ የሚያውቅ ሰው ጠየቀበት? ዜማው የጠፋበትን ልጅ ሰው ፊት አሸማቀቀው ወይስ ቀስ ብሎ መለሰው? መጨረሻ ላይ የሚሰማው የልጆቹ ድምፅ ነው የራሱ? ሌላም አለ። «ጥቅምት ውስጥ ላለ እሑድ መዝሙር ምረጥ» በሉት። ዘመነ ጽጌ፣ የራሱ መዝሙር ያለው የአበባ ወቅት፣ መሆኑ ትዝ ሳይለው ደስ ያለውን ከጠራላችሁ፣ ድምፁ የፈለገውን ያህል ቢያምር ገና ይማር። አንድ ስንኝ ከትምህርተ ሃይማኖት ጋር የሚጋጭ ቢመስለውስ ለማን ያሳያል? ለማንም የማያሳይ ከሆነ እሱ ነው የሚያስፈራኝ።

ሥልጠናውን በተመለከተ ብዙ አልልም። ስድስት ወር ካላችሁ ግማሹን ለደብራችሁ መሪጌታ ስጡት። ሦስቱን የዜማ ዓይነቶች፣ ግእዝን ከዕዝል፣ ዕዝልን ከአራራይ፣ በጆሮው ያልለየ ሰው ስለ አመራር ዘዴ ቢደረደርለት ምን ይረባዋል?

ታላቅ ወንድማችሁን በተመለከተ ግን ልቤ እሱ ጋ ነው። እልኸኛ ነው አትበሉት። ዕድሜውን የሰጠበት ነገር ድንገት በወረቀት ሲጠየቅ ማን አይከፋም? አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ እሱ ከቀረ ወዲህ ጥናቱ ቆሟል ወይስ ቀጥሏል? ቀጥሎ ከሆነ እያስጠኑ ያሉት እሱ ያሳደጋቸው ልጆች ናቸው። ያንን ሄደሽ ንገሪው። በስልክ አይደለም፣ ቤቱ ሄደሽ፣ ሁለት ሦስት ሆናችሁ። «ትልቁን ፈተና አልፈሃል፤ የቀረህ ከእኛ ጋር ቁጭ ብሎ መማር ነው» በሉት። ከሥልጠናው ግን ነፃ አታድርጉት። እሱን ካሳለፋችሁ ነገ ሌላው «እኔስ?» ይላል፤ ለእሱም አይበጀውም። ባይሆን ቀድሞ ይፈተንና ከዚያ ከመሪጌታው ጎን ተቀምጦ ሌሎቹን ይፈትን።

ውጤቱን ደግሞ አደራ፣ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ እንዳትለጥፉ። ለየሰዉ ለብቻው ንገሩት፤ ያልተሳካለትም ምን አጥንቶ፣ መቼ ተመልሶ እንደሚመጣ በዚያው ይወቅ።