አሜዚንግ ግሬስ ለምን ትዝታ መሰለ? ስለ ዘፈንና መዝሙር ታሪክ ጥያቄና መልስ

ከከተማው ዳር ዳር፣ ከሱሉልታ እስከ አቃቂ፣ የተሰበሰቡ ጥያቄዎች ናቸው። ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ጥያቄ (ሱሉልታ)፦ የሰፈራችን መዘምራን «አሜዚንግ ግሬስ» የተባለውን የእንግሊዝኛ መዝሙር በክራር ሲሞክሩ አባቶች «ይሄማ ትዝታ ነው» አሉ። እውነት ከእኛ የተወሰደ ነው?

መልስ፦ አልተወሰደም፤ የአባቶች ጆሮ ግን አልተሳሳተም። ግጥሙን የጻፈው እንግሊዛዊው ቄስ ጆን ኒውተን ነው። ኦልኒ በተባለች የእንግሊዝ ከተማ ለ1773 አዲስ ዓመት ስብከት አዘጋጅቶት በ1779 ታተመ። ያን ጊዜ ዛሬ የምናውቀው ዜማ አልነበረውም፤ «ኒው ብሪተን» ከተባለው ዜማ ጋር ያጋባው አሜሪካዊው ዊልያም ዎከር ነው፣ በ1835። ያ ዜማ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል እና ላን ብቻ ይጠቀማል። ትዝታ ሜጀርም እነዚሁ አምስቱ ናቸው።

ክራሩ ባለ ስድስት አውታር ከሆነ ከታች ወደ ላይ ሶል፣ ላ፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል ብላችሁ ቃኙት፤ ዜማው ከዚህ አይወጣም። ባለ አምስት ከሆነ የላይኛው ሶል ይጎድላል፤ የሚጎድለውም ዜማው ጫፍ ላይ በሚወጣበት በሁለተኛው ስንኝ መጨረሻና በሦስተኛው መጀመሪያ ነው። ብዙ ጊዜ የሚያበላሸው ክራሩ በትዝታ ማይነር ተቃኝቶ መቆየቱ ነው፦ ሚ እና ላ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ብለው ይቀሩና መዝሙሩ ሙሾ ይሆናል። ምቱ ባለ ሦስት ስለሆነ ችክችካ አትጫኑበት። በኪቦርድ ለመፈተን ከፈለጋችሁ ጥቁር ቁልፎችን ብቻ ተጠቀሙ፤ ከሁለቱ ጥንድ ጥቁሮች ከግራው ጀምሩ።

በገበያም ቢሆን ረጅም ዕድሜ አለው። የአሜሪካዊቷ ዘፋኝ ጁዲ ኮሊንስ ቅጂ ከ1970 ጀምሮ በእንግሊዝ የሽያጭ ሰንጠረዥ በድምሩ 67 ሳምንት ቆየ። በ1972 ደግሞ የስኮትላንድ ወታደሮች በባግፓይፕ ነፍተውት አምስት ሳምንት አንደኛ ሆነ። ቃል የሌለው መዝሙር አንደኛ ሲወጣ ማየት ደስ ይላል።

ጥያቄ (አቃቂ)፦ «ሪቨርስ ኦፍ ባቢሎን» የሚለው ዘፈን መዝሙረ ዳዊት 137 ነው ይባላል። በግእዝ ዳዊት ሳየው ሌላ ነው።

መልስ፦ 136ን ይክፈቱ፤ «ውስተ አፍላገ ባቢሎን» የሚለው እሱ ነው። የግሪኩ ትርጉም 9ኛውንና 10ኛውን መዝሙር አንድ ስላደረጋቸው፣ እሱን የተከተለው ዳዊታችን ከዚያ በኋላ በአብዛኛው በአንድ ቁጥር ያንሳል። የዘፈኑ ሁለተኛ ክፍልም ከመዝሙር 18 የመጨረሻ ቁጥር የመጣ ነው፤ 137 በሚሉት መጽሐፍ ቅዱሶች ደግሞ 19 ነው።

ዘፈኑ የጃማይካዎቹ ሜሎዲያንስ ነው፣ 1970። «የእግዚአብሔርን ዝማሬ» በሚለው ቦታ «የኪንግ አልፋን ዝማሬ» ብለው ነበር፤ ራስታዎች በዚህ ስም የሚጠሩት አፄ ኃይለ ሥላሴን ነው። ቦኒ ኤም የተባሉት የዲስኮ ዘፋኞች በ1978 ወደ ዳዊቱ ቃል መልሰው ዘፈኑትና በእንግሊዝ አምስት ሳምንት አንደኛ ሆነ። በአሜሪካ ግን ከ30ኛ አላለፈም።

ጥያቄ (ጀሞ)፦ የቦብ ማርሌ «ዋር» የጃንሆይ ንግግር ነው?

መልስ፦ አዎ። ኦክቶበር 4 ቀን 1963 በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ በአማርኛ ካደረጉት ንግግር የተወሰደ ነው። አልበሙ «ራስታማን ቫይብሬሽን» በ1976 በአሜሪካ ዋናው የአልበሞች ሰንጠረዥ፣ በቢልቦርድ 200፣ ስምንተኛ ደረሰ።

ጥያቄ (ለገጣፎ)፦ ከእኛ ዘፋኞች ቢልቦርድ ላይ አንደኛ የወጣ አለ?

መልስ፦ የቴዲ አፍሮ «ኢትዮጵያ» በ2017 የዓለም አልበሞች ሰንጠረዥን መርቷል። ይህ ግን የአንድ ዘርፍ ሰንጠረዥ እንጂ ዋናው 200 አይደለም። የሚቆጥረውም የአሜሪካን ገበያ ነው፤ መርካቶ የተሸጠው ሲዲ አይገባበትም።

ጥያቄ (ቡራዩ)፦ የቆየ ካሴት ወደ ኮምፒውተር ቀድቼ በኪቦርድ ላጅበው ስል ድምፁ በሁለት ቁልፎች መካከል ይወድቃል።

መልስ፦ ሲቀዳ ፍጥነቱ ተዛብቷል ማለት ነው። 6 በመቶ ገደማ ከፈጠነ ድምፁ ግማሽ ቶን ይወጣል። ኦዳሲቲ በተባለው የድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም ፍጥነትንና ድምፅን አብሮ የሚለውጠውን («Change Speed») ይምረጡ፤ «ቴምፖ» የሚለው ድምፁን ሳይነካ ምቱን ብቻ ስለሚያዘገይ አይረዳዎትም። ግማሽ ቶን ለማውረድ 5.6 በመቶ ይቀንሱ፣ ሩብ ቶን ከሆነ 2.8 ያህል። ባለ 45 ዙር ሸክላ በ33 ተቀድቶ ከሆነ ደግሞ 35 በመቶ ይጨምሩ። ልኩን የሚያገኙት ኦርጋን ወይም ጊታር ያለበትን ዘፈን ሲፈትሹ ነው፤ ማሲንቆና ክራር በዘፋኙ ድምፅ ስለሚቃኙ ለመለኪያ አይሆኑም።