ስለ ሁለቱ ማኅበራት ውህደት፦ የመጨረሻውን ድምፅ ዘንድሮ አታሰጡ

የተከበሩ ጠያቂ፣ ጥያቄዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የእናንተ ማኅበር ተመራማሪዎችን፣ ሌላው በመስክና በላቦራቶሪ የሚሠሩ ባለሙያዎችን እንደያዘ፣ ሁለቱ ቦርዶች ለመዋሃድ እንደተስማሙ፣ በመጪው ጠቅላላ ጉባኤም ድምፅ እንደሚሰጥበት ጽፈዋል። «ያለፋችሁበት ሰዎች ምን ትመክሩናላችሁ?» ላሉት አጭሩ መልሴ በርዕሱ ላይ አለ። ምክንያቱን ላስረዳ።

በግብርናው ዘርፍ የአንድ አነስተኛ ማኅበር ጸሐፊ ሆኜ ውህደትን ሁለት ጊዜ አይቻለሁ፤ መጀመሪያ ሲከሽፍ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ ሲሳካ። የከሸፈው በጠብ አልነበረም። ቦርዶቹ ወራት ሙሉ ሲመካከሩ ከርመው አባላት ጉዳዩን የሰሙት በጉባኤው ዕለት ከሰዓት በኋላ ነበር። ሰብሳቢያችን ንግግራቸውን «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብለው ሲዘጉ፣ ከኋላ ወንበር አንድ አንጋፋ አባል ተነሥተው «እኛ ድሩ ነን ወይስ የሚታሰረው አንበሳ?» ሲሉ ጠየቁ። አዳራሹ ጸጥ አለ። መልስ ይዞ የመጣ ሰው አልነበረም። ከዚያ ስለ አዲሱ ስም ክርክር ተነሣ፤ ከክልል የመጡት ሳይመሽባቸው ለመንገድ ተነሡ፤ ምልዓተ ጉባኤው ጎደለና ተበተንን።

የእኒያ አባት ጥያቄ የትንሹ ማኅበር አባል ሁሉ ጥያቄ ነው፤ ከድምፅ በፊት በጽሑፍ ካልተመለሰ ሌላው ዝግጅት ሁሉ ከንቱ ነው። ዛሬ አይ ትሪፕል ኢ ብለን የምንጠራው የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ መሐንዲሶች ድርጅት እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1 ቀን 1963 የተወለደው ከሁለት የአሜሪካ ተቋማት ውህደት ነው። የኤሌክትሪክ መሐንዲሶቹ ተቋም በ1884፣ የሬዲዮ መሐንዲሶቹ በ1912 የተመሠረቱ ናቸው። በዕድሜ ታላቁ የመጀመሪያው ቢሆንም በአባላት ብዛት ታናሹ በልጦት ነበር። ለሁለቱም አዲስ የጋራ ስም ወጣ፤ በአርማውም ላይ የአንዱ የካይት ቅርጽና የሌላው ቀስት አብረው ገቡ። አርማ ቀላል ነገር ይመስላል፤ ሠላሳ ዓመት ያንን ምልክት በደረቱ ላይ ላደረገ ሰው ግን ቀላል አይደለም። ከዚያም በላይ፣ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የሁለቱ የተማሪዎች ቅርንጫፎች ከውህደቱ በፊት በጋራ ይሠሩ ነበር። እኛም በሁለተኛው ሙከራ የተማርነው ይህንኑ ነው፤ ሁለት ዓመት ዓመታዊ ጉባኤያችንን አብረን አዘጋጀን። በአንድ አዳራሽ ጥናት ያቀረቡ፣ አብረው ቡና የጠጡ ሰዎች እንደ ባዕድ አይተያዩም።

ድምፁንም ለሁለት ክፈሉት። የዓለም አቀፉ የሳይንስ ምክር ቤትና የዓለም አቀፉ የማኅበራዊ ሳይንስ ምክር ቤት አባላት እ.ኤ.አ. በ2016 ኦስሎ ላይ በመርህ ደረጃ ተስማሙ፤ የመጨረሻውን ድምፅ የሰጡት በ2017 ታይፔ ላይ ነው፤ አዲሱ ድርጅት በጁላይ 2018 ፓሪስ ላይ ተመሠረተ። በመካከል ያለው ጊዜ ደንቡን ለመጻፍና ቅር ያለውን ለማናገር ነው። እናንተም ዘንድሮ የመርህ ስምምነቱን ብቻ አስወስኑ።

አሁን ወደ መጽሔቱ ልምጣ፤ ከሁሉም ነገር እንቅልፍ የነሣኝ እሱ ነበርና። ሁለታችሁም መጽሔት ካላችሁ አንድ ለማድረግ አትቸኩሉ። የመጽሔት ስም በመሠረቱ ሲቀየር አዲስ መለያ ቁጥር ይሰጠዋል፤ እንደ አዲስ መጽሔትም ይቆጠራል። በአገራችን የዩኒቨርሲቲ መምህራን የደረጃ ዕድገት ዕውቅና ባለው መጽሔት ላይ በታተመ ጽሑፍ ላይ ስለሚመሠረት ጉዳቱ የሚያርፈው በወጣቶቹ ላይ ነው። የእንግሊዝ ኬሚስቶች አራት ማኅበራት እ.ኤ.አ. በ1980 በአንድ የንጉሣዊ የኬሚስትሪ ማኅበር ሥር ሲጠቃለሉ፣ የትንታኔ ኬሚስቶቹ መጽሔት አናሊስት በስሙ ቀጠለ፤ እስከ ዛሬም ይታተማል። ከአራቱ አንዱ የነበረው የፋራዳይ ማኅበር ስምም በውይይት ጉባኤዎቹ ላይ አለ። እኛም ሁለቱን መጽሔቶች ከነቅጽ ቁጥራቸው ጠብቀን፣ የአርታኢዎቹን ቦርድ ብቻ በአንድ ጽሕፈት ቤት ሥር አደረግን። በዚህ ውሳኔ እስከ አሁን እኮራለሁ።

ገንዘብን በተመለከተ የኦዲት ሪፖርቶቻችሁን አስቀድማችሁ ተለዋወጡ፤ ዕዳ ካለም አትደብቁ። ሰው የሚዘነጋው ሌላ ነገር አለ። የአንድ ሟች አባላችን ቤተሰብ ለምርጥ ወጣት ተመራማሪ ሽልማት እንዲውል ያስቀመጡት ገንዘብ ነበረን። ባንክ ውስጥ ያለ ተቀማጭ ቢመስልም አደራ ነው፤ ወደ ጋራ ሒሳብ ከመግባቱ በፊት ቤታቸው ድረስ ሄደን ፈቃዳቸውን በጽሑፍ ጠየቅን። ባለቤታቸው «ስሙ እስካልጠፋ ድረስ» ብለው ፈረሙልን። የዕድሜ ልክ መዋጮ የከፈሉ አባላትም መብታቸው በአዲሱ መተዳደሪያ ደንብ ላይ በግልጽ ይጻፍ፤ እንደገና እንዲከፍሉ መጠየቅ ነውር ነው።

ሕጉ ያን ያህል አያስቸግርም። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ውህደትን ይፈቅዳል። የሁለቱ ጠቅላላ ጉባኤዎች ቃለ ጉባኤ ተሟልቶ ከተፈረመ ቀሪው በሕግ ባለሙያ እገዛ የሚያልቅ የወረቀት ሥራ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት የምርጫ ዘመናት ቦርዱ ከሁለቱም ወገን እኩል ሰው እንዲኖረው በደንቡ ላይ ማስገባትን ግን አትርሱ።

አንድ ነገር አጥፍተናል፤ ልንገርዎት። ሁለታችንም ቅርንጫፍ በነበረን አንድ ከተማ፣ ማን ሰብሳቢ እንደሚሆን አዲስ አበባ ተቀምጠን ወሰንን፤ በስልክ እንኳ አልጠየቅናቸውም። የተሰየመው ሰው ብቁ ነበር። የሌላኛው ቅርንጫፍ አባላት ግን አልተቃወሙም፣ ደብዳቤም አልጻፉም፤ መምጣት ብቻ አቆሙ። ባለፈው ዓመት ሁለት ሆነን ሄደን ይቅርታ ጠየቅናቸው። እስከ አሁን የተመለሱት አራቱ ናቸው።