ማንቲኮር በጨዋታ ገበታ ላይ፦ ጥያቄና መልስ

ማንቲኮር የሰው ፊት፣ የአንበሳ ገላ፣ የዘንዶ የሚመስል ቆዳማ ክንፍና በእሾህ የተሞላ ጅራት ያለው ድቅል አውሬ ሲሆን፣ «ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» በተባለው የሚና ጨዋታ ውስጥ ከጥንት ጀምሮ ይገኛል። ከተጫዋቾችና ከጨዋታ መሪዎች የቀረቡልኝን ጥያቄዎች ከዚህ በታች በተራ እመልሳለሁ። ቁጥሮቹ በ2014 ከወጣው ከአምስተኛው እትም የተወሰዱ ናቸው፤ ዓመታቱም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጨዋታውን ገና እየጀመርኩ ነው። ስለ አውሬው ዋና ዋናውን ቢነግሩኝ?

መልስ፦ ጨዋታውን ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን በ1974 ለሕዝብ ያቀረቡት ሲሆን፣ አንድ ሰው ታሪኩን እየመራ የቀሩት እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘው የሚጫወቱት ነው። ምቱ መድረስ አለመድረሱ የሚወሰነው በባለ ሃያ ገጽ ዳይስ ነው፤ ውጤቱ የተጠቂውን የመከላከያ ቁጥር ካከለ ወይም ከበለጠ ምቱ ይደርሳል፣ ጉዳቱም ከሕይወት ነጥቡ ላይ ይቀነሳል። ማንቲኮር የመከላከያ ቁጥሩ 14፣ አማካይ የሕይወት ነጥቡ 68፣ በምድር ላይ ፍጥነቱ በአንድ ዙር 30 ጫማ፣ በአየር ላይ ደግሞ 50 ጫማ ነው። በየተራው ሦስት ጊዜ ያጠቃል፤ ይኸውም ወይ አንድ ጊዜ ነክሶ ሁለት ጊዜ በጥፍሩ ይቧጭራል፣ ወይም ከጅራቱ ሦስት እሾህ ይወረውራል። የፈተና ደረጃው 3 ነው፤ ይህም ማለት በሦስተኛ ደረጃ ላይ ያሉ አራት ያረፉ ገጸ ባሕርያት ሰው ሳይሞትባቸው ሊያሸንፉት ይገባል ተብሎ የተገመተ ነው።

ጥያቄ፦ ተጫዋቾቼ የመጀመሪያ ደረጃ ላይ ናቸው። አራት ስለሆኑ አንድ ማንቲኮር ብቻውን ባመጣባቸው ምን ክፋት አለው?

መልስ፦ ክፋቱ በቁጥር ይታያል። አንድ እሾህ በአማካይ ወደ 7 ነጥብ ያህል ይጎዳል፤ የመጀመሪያ ደረጃ አስማተኛ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 9 የሕይወት ነጥብ ብቻ ነው ያለው። አውሬው በዳይሱ ውጤት ላይ 5 ስለሚጨምር፣ የመከላከያ ቁጥሩ 12 የሆነን አስማተኛ ከመቶ ሰባ ጊዜ ይመታዋል፤ ጥሩርና ጋሻ ይዞ ቁጥሩ 18 የደረሰውን ተዋጊ እንኳ ከመቶ አርባ ጊዜ ያገኘዋል። በሌላ በኩል አራቱም ቢደርሱበትና እያንዳንዳቸው ሲመቱት በአማካይ 7 ነጥብ ቢያጎድሉበት፣ ከመቶ ስድሳ ጊዜ እየመቱት እሱን ለመጣል አራት ዙር ያህል ይፈጅባቸዋል። በአራት ዙር ውስጥ እሱ አሥራ ሁለት እሾህ ይወረውራል፤ ግማሹ ብቻ ቢያገኛቸው እንኳ ጉዳቱ የአራቱ የሕይወት ነጥብ ተደምሮ ከሚሆነው ጋር የሚስተካከል ወይም የሚበልጥ ነው። «አራቱም ቢደርሱበት» ያልኩት ደግሞ በአየር ላይ ላለ አውሬ እጅግ ለጋስ ግምት ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ ደረጃ ላይ ሊያመጡት ከፈለጉ ቆስሎ፣ ጠግቦ ወይም ሊነጋገር ፈልጎ ይምጣ እንጂ ለመግደል ቆርጦ አይምጣ።

ጥያቄ፦ በሦስተኛ ደረጃም ቢሆን ተጫዋቾቼ «ከላይ ሆኖ ብቻ ይወረውራል፣ ይህ ፍትሐዊ አይደለም» ብለው አማረሩ። መላው ምንድን ነው?

መልስ፦ ቅሬታው ሜዳው ገላጣ ከሆነ ትክክል ነው፤ ችግሩ ግን ከአውሬው ይልቅ ከሜዳው የመጣ ነው። እሾሁ ሳይቸገር የሚደርሰው እስከ 100 ጫማ ሲሆን፣ ከዚያ በላይ እስከ 200 ጫማ ድረስ ሲወረውር ዳይሱን ሁለት ጊዜ ጥሎ ዝቅተኛውን ለመውሰድ ይገደዳል። ረጅም ቀስት የያዘ ተጫዋች ግን እስከ 150 ጫማ ያለ ችግር ይወረውራል፤ ይህን ያወቀ ቡድን አውሬውን ራሱን በርቀት ሊያሳድደው ይችላል። ቀስት የሌለው ቡድን ወደ ዛፍ፣ ወደ ዋሻ ወይም ወደ ፈረሰ ቤት ይግባ፤ ግማሽ ገላን የሚሸፍን ከለላ በመከላከያ ቁጥር ላይ 2፣ አብዛኛውን ገላ የሚሸፍን ደግሞ 5 ይጨምራል፣ ሙሉ በሙሉ የተሸሸገ ሰው ላይ ግን ጭራሹኑ ሊያነጣጥር አይችልም።

ብዙ ተጫዋቾች የሚዘነጉት ሌላም ሕግ አለ። በአየር ላይ ባለበት መቆም የማይችል በራሪ ፍጡር ፍጥነቱ ዜሮ ከሆነ ወይም ከተንጋለለ ይወድቃል፤ ማንቲኮርም ከእነዚህ አንዱ ነው። የእንቅልፍ ድግምት በቆሰለ ማንቲኮር ላይ ከሠራ፣ ወይም የድር ድግምት በአየር ላይ እንዳለ ከያዘው፣ በየአሥር ጫማው አንድ ባለ ስድስት ገጽ ዳይስ የሚያህል ጉዳት እየተቆጠረበት ምድር ላይ ይፈጠፈጣል። አንድ ጊዜ መሬት ላይ ከዋለ ተዋጊዎቹ ተረባርበው እንዳይነሣ ማድረግ ይችላሉ።

ጥያቄ፦ እሾሁ ያልቃል ወይስ አያልቅም?

መልስ፦ ያልቃል። በጅራቱ ላይ ያሉት 24 ሲሆኑ፣ የተወረወሩት ተመልሰው የሚበቅሉት አውሬው ረጅም ዕረፍት ሲያደርግ ነው። በየዙሩ ሦስት ከወረወረ በስምንት ዙር ባዶ ይሆናል። ቁጥሩ የቆየ ነው፤ በ1974 እትምም 24 ነበሩ፣ ያን ጊዜ ግን በአንድ ጊዜ እስከ ስድስት ይወረውር ነበር። እኔ በምመራው ጨዋታ 24 ሽምብራ ቆጥሬ በስኒ ውስጥ ገበታው ላይ አስቀምጥና በተወረወረ ቁጥር አነሣለሁ፤ ስኒው እየጎደለ ሲሄድ ተጫዋቾቹ መሸሽ ትተው ማሳደድ ይጀምራሉ። አውሬው አምልጦ ካደረ ግን ስኒው ዳግመኛ ይሞላል፤ ስለዚህ «ዛሬውኑ እንከተለው ወይስ እንረፍ?» የሚለው ክርክር ሳይጠሩት ይመጣል።

ጥያቄ፦ እሾሁ መርዝ አለው?

መልስ፦ በጨዋታው ሕግ የለውም። በጥንቱ ታሪክ ግን የተወጋ ሁሉ ይሞታል፤ ዝሆን ብቻ ይተርፋል።

ጥያቄ፦ ይህን አውሬ የጨዋታው ደራሲዎች ፈጠሩት ወይስ ቀድሞም ነበረ?

መልስ፦ ከጨዋታው እጅግ ቀድሞ ነበረ፤ ክንፍ ግን አልነበረውም። መጀመሪያ የጻፈው በፋርስ ንጉሥ በዳግማዊ አርጤክስስ ግቢ ሐኪም የነበረው ግሪካዊው ክቴሲያስ ሲሆን፣ ስለ ሕንድ ባዘጋጀው መጽሐፍ ውስጥ ቆዳው ደማቅ ቀይ፣ ፊቱ የሰው፣ ጥርሱ በሦስት ረድፍ የተደረደረ፣ ድምፁ መለከት የሚመስል፣ ጅራቱ እንደ ጊንጥ የሚዋጋ ሰው በላ አውሬ አድርጎ ገልጾታል። እሾሁን በሩቅ መወርወሩና በተወረወረው ፈንታ ሌላ መብቀሉም ከእርሱ የመጣ ነው፤ የጨዋታው ሕግ ይህን ሳይለቅ ወርሶታል። በሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ጳውሳንያስ ግን ነገሩ ነብር መሰሉ ታይገር ነው፤ የጥርሱና የእሾሁ ወሬ ሕዝቡ ከፍርሃቱ የተነሣ የጨመረው ነው ብሎ ገምቷል። እኔም ከእርሱ ጋር እስማማለሁ።

ለእኛ አንባቢዎች ደስ የሚለው ግን ሮማዊው ፕሊኒ ነው። ስለ ተፈጥሮ በጻፈው ሰፊ ሥራ በስምንተኛው መጽሐፍ፣ የጥንቷን ሞሪታንያ ንጉሥ ዩባን ምስክር አድርጎ፣ ማንቲኮር በኢትዮጵያ የሰውን ንግግር አስመስሎ እንደሚናገር ጽፏል፤ እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ኢትዮጵያ ክንፍና ቀንድ ያላቸው ፈረሶች እንደምታስገኝም ይናገራል። የዚያ ዘመን ጸሐፊዎች «ኢትዮጵያ» ሲሉ ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን ሰፊ ምድር ማለታቸው ስለነበር የዛሬዋን አገር ካርታ ይዘን ቦታውን ብንፈልግ አይገኝም። ቢሆንም አውሬውን በአገራችን ተራሮች በሚመስል ምናባዊ ምድር ለማኖር የሚፈልግ የጨዋታ መሪ ከፕሊኒ በላይ ፈቃድ የሚያስፈልገው አይመስለኝም።

ጥያቄ፦ በጨዋታውስ ይናገራል? ከተናገረ ምን ይላል?

መልስ፦ ይናገራል፤ ብዙ መሪዎች አውሬውን የሚያበላሹትም ይህን በመርሳታቸው ነው። የአእምሮ ነጥቡ 7 ነው፤ ከመካከለኛ ሰው ያንሳል እንጂ የንስር ራስና ክንፍ የአንበሳ ገላ እንዳለው እንደ ግሪፊን 2 ብቻ ያለው እንስሳ አይደለም። በጨዋታው ዓለም ብዙው የሚግባባበትን የጋራውን ቋንቋ ያውቃል፤ ጠባዩም ክፉ ሆኖ ሥርዓት የሚያከብር ተብሎ ስለተመደበ የገባውን ውል ይጠብቃል፣ ውሉን የሚጠብቀው ግን በራሱ አተረጓጎም ነው። እንዲህ ያለ ፍጡር እስኪሞት አይዋጋም። የሕይወት ነጥቡ ከግማሽ በታች ሲወርድ ክንፉን ዘርግቶ ይሄዳል፤ ወይም ከዛፍ በላይ እየተሽከረከረ «ሁለቱን በቅሎዎች ተዉልኝና እናንተ ሂዱ» ይላል። ተጫዋቾቹ ቢስማሙ ቃሉን ያከብራል፤ ነገር ግን ስለ መልስ ጉዞ ማንም ስላልተናገረ በመልሳቸው ይጠብቃቸዋል።

ንግግሩን ረጅም አያድርጉት። ብልህ አይደለምና በተንኮል የተጠላለፈ ዕቅድ አያወጣም፤ የሚያውቀው ረሃቡን፣ ግዛቱንና ማን ከእርሱ እንደሚበረታ ነው። ከእርሱ ለሚበረታ የጎብሊን አለቃ ወይም ለአንድ ክፉ አስማተኛ ሥጋ እየተቀበለ ዘብ ሊቆምም ይችላል፤ ያን ጊዜ ተጫዋቾቹ የተሻለ ዋጋ አቅርበው ከጌታው ሊያስከዱት ይሞክራሉ። እኔ ካየኋቸው የማንቲኮር ትዕይንቶች በላጮቹ ዳይስ ከተጣለባቸው ይልቅ ድርድር የተካሄደባቸው ናቸው።

ጥያቄ፦ ሰውን አንሥቶ ከላይ መጣል ይችላል?

መልስ፦ በገለጻው ላይ ለዚህ የተለየ ችሎታ አልተሰጠውም፤ በጠቅላላው ሕግ ግን ይቻላል። በዚያ ተራ ሦስቱን ጥቃቶች ትቶ ሰውየውን ለመያዝ ይታገላል፤ ከያዘው ፍጥነቱ በግማሽ ቀንሶ በዙር 25 ጫማ ይነሣል። በሁለት ዙር 50 ጫማ ላይ ደርሶ ቢለቀው ጉዳቱ አምስት ባለ ስድስት ገጽ ዳይስ፣ በአማካይ 17 ነጥብ ነው። ያን ያህል ከመልፋት ስድስት እሾህ ቢወረውር ይሻለው ነበር፤ ስለዚህ ይህን ዘዴ እሾሁ ላለቀበት አውሬ ያቆዩት።

ጥያቄ፦ ግሪፊን፣ ኪሜራና ማንቲኮር ሁሉም ክንፋም ድቅሎች ናቸው። የቱን ልምረጥ?

መልስ፦ ግሪፊን የፈተና ደረጃው 2 የሆነ፣ በአንድ ዙር 80 ጫማ የሚበርና ተኮትኩቶ ሊጋለብ የሚችል እንስሳ ስለሆነ ለጉዞና ለማደን ይስማማል። ኪሜራ ደረጃው 6፣ የአንበሳ፣ የፍየልና የዘንዶ ሦስት ራስ ያለው እሳት ተፊ ነው፤ እርሱ ለጥፋት እንጂ ለወሬ አይሆንም። ሊያነጋግሩት የሚችሉት ጠላት ከፈለጉ ማንቲኮርን ይምረጡ።

ጥያቄ፦ ከአገራችን እንስሳት የራሴን ክንፋም ድቅል መሥራት እፈልጋለሁ። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ከመልኩ ሳይሆን ከአበላሉ ይጀምሩ። ለምሳሌ በሰሜን ተራሮች የሚገኘው ጢማሙ ጥንብ አንሣ አጥንት ይዞ ወደ ላይ ይወጣና ድንጋይ ላይ ጥሎ ሰብሮ ይበላል፤ ጅብ ደግሞ አጥንትን በመንጋጋው ያደቅቃል። ሁለቱ ሲዳቀሉ የሚገኘው አውሬ ለምን እንደሚበርና ምን እንደሚፈልግ ማስረዳት አያሻውም። የማንቲኮርን ቁጥሮች መነሻ አድርገው እሾሁን ያንሡለት፤ በምትኩ በነከሰው ሰው ላይ ወዲያው የመያዝ ችሎታ ይስጡትና ሲይዝ ፍጥነቱ እንዳይቀንስ ያድርጉ። አንድ ልዩ ችሎታ ይበቃዋል። መርዝ፣ እሳትና አስፈሪ ሳቅ ሁሉ ከተጨመረበት ተጫዋቾቹ የቱን እንደሚፈሩ አያውቁም።

ጥያቄ፦ የማንቲኮርን ገለጻ ወደ አማርኛ መልሼ ለጓደኞቼ ባካፍል ያስጠይቀኛል?

መልስ፦ በጥር 2023 የጨዋታው ባለቤት የሆነው ኩባንያ የአምስተኛውን እትም መሠረታዊ ሕግ በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ለቅቆታል፤ ማንቲኮርም በውስጡ አለ። ምንጩን እስከ ጠቀሱ ድረስ መተርጎም፣ መለወጥና ማካፈል ይፈቀዳል። በመጽሐፎቹ ያሉት ሥዕሎችና በዚያ ሰነድ ያልተካተቱ ፍጡራን ግን ከፈቃዱ ውጪ ናቸው።

ጥያቄ፦ ተጫዋቾቼ ግልገሉን አሳድገው መጋለብ ይፈልጋሉ። ልፍቀድ?

መልስ፦ ይፍቀዱ፤ ዋጋ ግን ያስከፍሏቸው። ኤሊያን የተባለው ጸሐፊ እንደሚለው ሕንዶች ግልገሉን እሾህ ሳያበቅል ይይዙትና እንዳያበቅል ጅራቱን በድንጋይ ይቀጠቅጡታል። ይህን ምርጫ በተጫዋቾቹ ፊት ያስቀምጡት፤ ጅራቱን ከቀጠቀጡት ገራም ነገር ግን ቂመኛ መጓጓዣ ይኖራቸዋል፣ ካልቀጠቀጡት ደግሞ አድጎ 24 እሾህ ያለው፣ ቋንቋቸውን የሚናገርና ደመወዙን በሥጋ የሚጠይቅ ተጓዳኝ ይሆናል። በሁለቱም መንገድ ግልገሉ አፉን ሲፈታ የመጀመሪያ ጥያቄው እናቱ የት እንዳለች ይሁን፤ መልሱን ተጫዋቾቹ ራሳቸው ይስጡት።