ባለቤቴ ግቢውን በሙሉ ሲሚንቶ ሊያስነጥፍ ነው

ጤና ይስጥልኝ፣ የአምዱ አዘጋጅ፤

በባለቤቴ ሥራ ምክንያት ወደ በረሃ ተዛውረን መኖር ከጀመርን ይህ የመጀመሪያው በጋችን ነው። ረፋዱ ላይ ደጅ መቆም የማይታሰብ ነው፤ የበሩ ብረት እጅ ይፈጃል። ከሰዓት በኋላውን መስኮት ዘግተን፣ መጋረጃ ጋርደን እንጋደማለን። መጀመሪያ ላይ ምንም የማይኖርበት ምድር መስሎኝ ሆድ ብሶኝ ነበር። እያደር ግን ግቢው ነፍስ ያለው ሆኖ አገኘሁት። ሲመሽ እንሽላሊቶቹ ግድግዳው ላይ ይወጣሉ፣ ሌሊት ጉጉት ይጮኻል፣ ንጋት ላይ ዋኔዎች ይመጣሉ። ትልቋ ልጄ ከአጥሩ ሥር ባለው እሾሃማ ቁጥቋጦ ጥላ ውሃ በሳህን ታስቀምጥላቸዋለች። ሌሎቹ ወፎች ውሃውን በአፋቸው ይዘው አንገታቸውን ቀና ሲያደርጉ፣ ዋኔዎቹ ግን እንዳቀረቀሩ እንደሚምጉት ያሳየችኝ እሷ ናት።

በቅርቡ ባለቤቴ ለትንሹ ልጃችን ጫማ ሊያደርግለት ሲያነሳው ከውስጡ ጊንጥ ወደቀ። ልጁ ምንም አልሆነም። ባለቤቴ ግን ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለውም። ቁጥቋጦውን ነቅሎ ግቢውን በሙሉ ሲሚንቶ ሊያስነጥፍ፣ በአራቱም ማዕዘን ኃይለኛ መብራት ሊያስተክል ወስኗል። የወፎቹ ውሃም ይቅር ብሏል፤ «እባብ እየጠራሽብን ነው» ይለኛል። ልጆቹ መጫወት ካማራቸው ከቤቱ ጀርባ ያለው ደረቅ ወንዝ አሸዋ ይበቃቸዋል ባይ ነው። እኔ ግቢው እንዲሁ እንዲቆይልኝ እፈልጋለሁ፤ ግን ክፉ ነገር ቢደርስ በእኔ ግትርነት እንዳይሆን እሰጋለሁ። እባክዎ ምን ይመክሩኛል?

ግራ የገባኝ እናት

መልስ

ውድ እህቴ፤

ወደ ጥያቄሽ ከመግባቴ በፊት እግረ መንገድሽን ያነሳሽውን ደረቅ ወንዝ ላስቀድም፤ ከደብዳቤሽ ሁሉ ያስደነገጠኝ እሱ ነውና። ልጆቹ ከዛሬ ጀምሮ እዚያ አይጫወቱ። የበረሃ ወንዝ ወራት ሙሉ ደርቆ ይከርምና፣ እናንተ ዘንድ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ፣ ርቆ ባለ ተራራ ላይ በጣለ ዝናብ ድንገት ይሞላል። የጠጠረው መሬት ውሃውን ቶሎ ስለማይመጥ ጎርፉ ድንጋይና ግንድ እያንከባለለ ይወርዳል። 15 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ፈጣን ጎርፍ አዋቂን ሰው ከእግሩ ሊጥል ይችላል፤ ሕፃንማ የት ይደርሳል? ይህን ለባለቤትሽ ዛሬውኑ ንገሪው። ልጆቹን ለመጠበቅ የሚጨነቅ አባት ስለሆነ ይሰማሻል።

ስለ ጊንጡ መፍራቱ ልክ ነው። የሕፃን ሰውነት ትንሽ ስለሆነ ያው መርዝ ከአዋቂ ይልቅ ሕፃንን ይጎዳል። ያልተስማማሁት በመፍትሔው ነው። ጊንጥ ቀን ቀን ጠባብና ጨለማ ቦታ ፈልጎ ይሸሸጋል፤ የልጁ ጫማ የተመረጠውም ለዚህ ነው። ሲሚንቶ ይህን አያስቀርም፤ ሲሰነጠቅማ መደበቂያ ይጨምርለታል። መብራቱ ደግሞ ይብሳል። ኃይለኛ ነጭ ብርሃን ነፍሳትን ይሰበስባል፣ ነፍሳቱ ባሉበት ደግሞ ጊንጥም ለአደን ይመጣል። በር ላይ ወደ ታች የሚያበራ ደብዘዝ ያለ ቢጫ አምፖል ይበቃችኋል።

ሙቀቱንም አስቡት። በረሃ ሌሊት የሚቀዘቅዘው አየሩ ደረቅ፣ ሰማዩም ደመና የሌለው ስለሆነ መሬቱ ቀን የሰበሰበውን ሙቀት ቶሎ ስለሚለቅ ነው። ወፍራም የሲሚንቶ ንጣፍ ግን ሙቀቱን አምቆ ይዞ ሌሊቱን ቀስ እያለ ወደ ግድግዳችሁ ይመልሰዋል። አየሩ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ፀሐይ የሚመታው ገላጣ መሬት ከ60 ዲግሪ በላይ ሊግል ይችላል። ቁጥቋጦውን ከነቀላችሁት ያ ግለት ከበራችሁ ላይ ነው የሚጀምረው። ሙቀት ካነሳሁ አይቀር፣ የዓለም ጤና ድርጅት ከ40 ዲግሪ በላይ ማራገቢያ ሰውነትን ያሞቃል እንጂ አያበርድም ይላል። እንደዚያ ባለው ሰዓት ልጆቹን በውሃ አርሷቸው፣ ቶሎ ቶሎም አጠጧቸው። ልጅ ሰውነቱ እሳት ሆኖ መዘባረቅ ወይም መፍዘዝ ከጀመረ ወዲያው እያቀዘቀዛችሁት ሐኪም ቤት ውሰዱት።

አሁን ለባለቤትሽ ሥራ ስጪው፤ ሰው የሚያደርገው ነገር ሲያገኝ ፍርሃቱ ይቀንሳል። ከቤቱ ግድግዳ ሥር አንድ ሜትር ያህል ዙሪያውን ይመንጥር፤ ድንጋይ፣ የማገዶ ክምር፣ ቆርቆሮ አይኑርበት። በበሩ ሥር ያለውን ክፍተት በጎማ ይድፈነው፣ ለመስኮቶቹ ወንፊት ይግጠምላቸው። አልጋዎቹ ከግድግዳ ራቅ ይበሉ፣ አንሶላም መሬት አይንካ። ጫማ ሁሉ ከመደረጉ በፊት ይራገፍ። አንድ ደግሞ የሚወደው ነገር አለኝ፤ ጊንጥ አልትራቫዮሌት ብርሃን ሲያርፍበት አረንጓዴ ሆኖ ያበራል። እንዲህ ያለ የእጅ ባትሪ ይግዛና ሲጨልም ጫማውን አድርጎ በግድግዳው ዙሪያ ይዙር። ሳይታወቅ ቀርቶ የሚያስፈራው ነገር የት የት እንዳለ በዓይኑ ያየዋል።

የልጅሽን ሳህን አላስነሳም፤ ቦታው ግን ይስተካከል። ውሃ እባብን ሊስብ ስለሚችል ከበሩ ይራቅ፣ በመስኮት በኩል ግን በግልጽ ይታይ። ጥልቀት የሌለው ይሁን፤ ንቦችና ትንንሽ ወፎች እንዳይሰጥሙ መሐሉ ላይ ድንጋይ አስቀምጡበት። በየቀኑ ይደፋና ይታጠብ፤ ብዙ ቀን የቆመ ውሃ ትንኝ ያፈላል። ጥራጥሬ ግን አትበትኑ። ጥራጥሬ አይጥን ይጠራል፣ እባብ ደግሞ የአይጥ ጠላት ነው። ያ የምትሰሚው ጉጉት አይጥ ስለሚያድንላችሁ ባለውለታችሁ ነው።

በአቅራቢያችሁ የጊንጥና የእባብ ፀረ መርዝ መድኃኒት የሚገኝበትን ጤና ተቋም ምንም ሳይፈጠር ጠይቃችሁ እወቁ። የተነደፈ ወይም የተነከሰ ሰው ሳይንቀሳቀስ፣ ቀለበትና አምባሩ ወልቆ በፍጥነት ይወሰድ። ቁስሉን መብጣት፣ በአፍ መምጠጥ፣ ጠፍሮ ማሰር ጉዳቱን ያብሳል።

ባለቤትሽ ሲሚንቶ የግድ ያስፈልጋል ካለ፣ በምንጠራው ልክ ከግድግዳው ሥር ባለችው አንድ ሜትር ብቻ ይወሰን፤ ስንጥቅ እንዳይኖረውም በደንብ ይለሰን። ከቁጥቋጦው ወደ ቤቱ የተዘረጋ ቅርንጫፍ ካለ ይከርከም፤ ግንዱ ግን እንዳይነካ ተከራከሪ፣ እኔም ካንቺ ጋር ነኝ።