ድሬስደን ላለሽው እህቴ፣ ቅዳሜ ጠዋት ባቡሩን ያዢ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። ጀርመን አገር፣ ድሬስደን ከተማ ማስተርስ ከጀመርሽ ሦስት ወርሽ ነው። ቅዳሜና እሁድ ከክፍልሽ አትወጪም። ተፈጥሮ ለማየት ብቻዬን ብወጣ ይከብደኛል ወይ፣ ገንዘብስ ይጨርሳል ወይ ብለሻል። እኔም እዚያው ነው የተማርኩት። የመጀመሪያውን ሴሚስተር አልጋዬ ላይ ሆኜ ከቤተሰብ ጋር ስልክ ሳወራ አሳለፍኩት። እስካሁን ይቆጨኛል።

ሩቅ አትሂጂ። ሳክሰን ስዊዘርላንድ የሚባለው ብሔራዊ ፓርክ አጠገብሽ ነው። ከዋናው ባቡር ጣቢያ ኤስ 1 የሚባለውን ባቡር ይዘሽ ኩርኦርት ራተን የሚባለው ጣቢያ ውረጂ። 40 ደቂቃ ገደማ ቢወስድ ነው። የሴሚስተር ትኬት (የተማሪዎች የትራንስፖርት ትኬት) ካለሽ ለባቡሩ ሌላ አትከፍዪም። በግራ በኩል ተቀመጪ፤ ፒርና ከምትባለው ከተማ በኋላ የኤልበ ወንዝ አብሮሽ ይሄዳል። ራተን ላይ በጀልባ ትሻገሪያለሽ፣ ለሱ ጥቂት ሳንቲም ያዢ። ጀልባዋ የምትሻገረው በሞተር አይደለም። በረጅም ገመድ ታስራለች፣ ማዶ የሚያደርሳት የውሃው ግፊት ነው። ይህን ለማየት ብቻ ሁለቴ ተመላልሻለሁ።

ከማዶ ዳገቱን ወጥተሽ ባስታይ ድልድይ ትደርሻለሽ። እ.ኤ.አ. በ1851 በድንጋይ የተሠራ ነው። መግቢያ አይከፈልም። እዚያ ካለው አለት ጫፍ ወንዙ 194 ሜትር ከታችሽ ነው። እንጦጦን የወጣ እግር አይቸገርም። ስትወርጂ በሽቬደንሎኸር በኩል ይሁን። አውሮፓ ውስጥ በነበረው የሠላሳ ዓመቱ ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. በ1639፣ ገበሬዎች ከስዊድን ወታደሮች የተደበቁበት ጠባብ ሸለቆ ነው። ደረጃው ብዙ ነው፣ ቀስ በዪ።

የቦታውን ስም አመጣጥ ስሰማ ልቤ ተነካ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ድሬስደን ይሠሩ የነበሩ ሁለት የስዊዝ ሠዓሊዎች፣ አድሪያን ሲንግና አንቶን ግራፍ፣ አገራቸውን አስታወሳቸውና ነው ስሙ የወጣው ይባላል። እኔን ደግሞ አለቶቹ ገርዓልታን ነው ያስታወሱኝ። ያም ይህም የአሸዋ ድንጋይ ነው።

አንድ ነገር አደራ። ጠዋት ውጪ። እኔ ኅዳር ላይ ከምሳ በኋላ ወጣሁ። በእኛ አቆጣጠር 10 ሰዓት አለፍ ሲል ፀሐይዋ ጠለቀች። ብርዱ የስልኬን ባትሪ ጨረሰው። መንገዱ ጠፋኝና በጣም ፈራሁ። አንድ አዛውንት ከነባለቤታቸው የእጅ ባትሪ ይዘው ሲወርዱ አገኙኝና እስከ ጀልባዋ አብረውኝ ሄዱ። ስለዚህ ፓወር ባንክና የእጅ ባትሪ ያዢ። የምትሄጂበትን ለአንድ ሰው ንገሪ። የአደጋ ጊዜ ቁጥሩ 112 ነው። እሁድ የምትሄጂ ከሆነ ምግብሽን ቅዳሜ ግዢ፣ እሁድ ሱቅ ዝግ ነው። ከአገር ቤት የመጣ ቆሎ ካለሽማ ከሱ የሚሻል ስንቅ የለም።

ጫፉ ላይ ስትደርሺ ለእናትሽ በቪዲዮ ደውዪ። እናቴ ያን ቀን አለቶቹን አይታ መጀመሪያ የጠየቀችኝ «አገር ቤት መጥተህ ነው እንዴ?» ብላ ነው።