«ስስ» ግድግዳ ወይስ «ቀጭን» ግድግዳ?

ጥያቄ፦ ስለ ፈንገስ የተጻፈ የባዮሎጂ ጽሑፍ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። የሕዋሱን ግድግዳ አንዳንድ ቦታ «ቀጭን»፣ አንዳንድ ቦታ «ወፍራም» አልኩት። ጓደኛዬ ግን «ግድግዳ ስስ ነው እንጂ ቀጭን አይባልም፤ ወፍራሙንም ደንዳና በለው» አለኝ። ማናችን ነን ልክ?

መልስ፦ በመጀመሪያው ጓደኛዎ ልክ ነው። በሁለተኛው አልስማማም።

አማርኛ ዝርግ ነገርንና ረዘም ያለ ነገርን ለይቶ ያያል። ክር፣ ገመድ፣ እንጨት ቀጭን ነው። ጨርቅና ወረቀት ስስ ነው። ጨርቅ ሲያረጅ «ሳሳ» እንላለን፤ «ቀጠነ» ቢባል ጆሮ ይቆረቁራል። ይህ ልዩነት ለእርስዎ ጽሑፍ በጣም ይጠቅማል። ብዙ ፈንገሶች የሚያድጉት ክር እየሠሩ ነው። ክሩ የራሱ ውፍረት አለው፤ የክሩ ግድግዳም የራሱ። «ቀጭን ክር» እና «ስስ ግድግዳ» ካሉ አንባቢው ወዲያው ይገባዋል። «ወፍራም» ግን ለሁለቱም ስለሚያገለግል ብቻውን አይተዉት። ለማለት የፈለጉት ግድግዳውን ከሆነ «ግድግዳው ወፍራም የሆነ ክር» ይበሉ።

ከምን አንጻር እንደሆነም ይጻፉ። እርሾም ፈንገስ ነው፤ የሕዋሱ ግድግዳ ውፍረት ከ100 እስከ 200 ናኖሜትር ገደማ ይሆናል። በ1 ሚሊሜትር ውስጥ 1 ሚሊዮን ናኖሜትር ስላለ፣ ለእኛ ይህ ከስስም ስስ ነው። ከግድግዳው ሥር ያለው የሕዋስ ሽፋን ግን ቢበዛ 10 ናኖሜትር ገደማ ነው። ከእሱ ጎን ሲታይ ግድግዳው ወፍራም ነው። ቁጥር ካለዎት ቁጥሩን ማስቀመጥ ከሁሉም ይሻላል።

ወደ «ደንዳና» እንምጣ። ቃሉ ውፍረትንና ጥንካሬን አንድ ላይ ይሸከማል። ደንዳና ትከሻ ስንል ወፍራም ብቻ ማለታችን አይደለም። በፈንገስ ግድግዳ ግን ሁለቱ የግድ አብረው አይሄዱም፤ ጥንካሬው የሚመጣው በዋናነት ከአሠራሩ ነው። በውስጥ በኩል ቤታ ግሉካን የሚባለው የስኳር ሰንሰለት እንደ መረብ ተያይዟል፤ ካይቲን የሚባለው ሌላ ሰንሰለት ደግሞ ያጠነክረዋል። በእርሾ ግድግዳ ውስጥ ካይቲን በክብደት ጥቂት በመቶ ብቻ ነው። ያለ እሱ ግን ሕዋሱ በወጉ መከፈል አይችልም። በውጭ በኩል ማናን የሚባል የስኳር ሰንሰለት የተሸከሙ ፕሮቲኖች አሉ። ካስፖፈንጂን የተባለው የፈንገስ መድኃኒት ቤታ ግሉካን እንዳይሠራ ሲያግድ፣ ግድግዳው «ተዳከመ» ወይም «ላላ» ይባላል። ካልተለካ በቀር «ሳሳ» አይበሉ። እንዲያውም አንዳንድ ፈንገሶች የጎደለውን ለማካካስ ካይቲን ይጨምራሉ። ስለዚህ «ደንዳና» የሚለውን የምቀበለው ጽሑፉ ግድግዳው ወፍራምም ጠንካራም ነው ካለ ብቻ ነው።

ያልጠየቁኝን አንድ ነገር ልጨምር። የግድግዳውን ውስጠኛና ውጫዊ ክፍል ብዙ ሰው «ሽፋን» ይለዋል። «ንብር» ቢባል እመርጣለሁ፤ «ሽፋን» ከሥር ላለው ለሕዋስ ሽፋን ይቆይልን። አምፎቴሪሲን ቢ የተባለው ሌላ የፈንገስ መድኃኒት የሚሠራው እዚያ ሽፋን ላይ ነው፤ ካስፖፈንጂን ደግሞ የግድግዳውን ግንባታ ያግዳል። ሁሉንም «ሽፋን» ካልናቸው አንባቢው የትኛው መድኃኒት የቱን እንደሚጎዳ መለየት ያቅተዋል።