ከደጋ የወረደች ሞተር ሸዋሮቢት ላይ ለምን ትግላለች

ወንድሜ ጥያቄህን አየሁት። ደብረ ብርሃን ሁለት አመት የነዳሃትን ቦክሰር ሞተር ሳይክል ይዘህ ለስራ ሸዋሮቢት ወረድክ፣ ከተማ ውስጥ ቆም ሄድ ስትል ትግልብኛለች ጉልበት ታጣለች፣ እሁድ ሰንበቴ ገበያ ስሄድ መንገዱ ሲዘጋጋ ጭራሽ ትጠፋብኛለች፣ ውሃ ላፍስባት ወይስ ወፍራም ዘይት ልቀይር ነው ያልከው። እስካሁን የመለሰልህ ሰው ግማሹ "ቆላ ነው ልመደው" ብሎሃል ግማሹ "ሽጣት"። ሁለቱም አልመለሱልህም። እኔ ከደብረ ብርሃን አጣዬ ስምንት አመት ተመላልሼበታለሁ፣ አንዴም ፒስተን አስይዤበታለሁ፣ ስለዚ ረዘም ቢልም ታገሰኝ።

መጀመሪያ ውሃው። በፍፁም እንዳታደርገው! ሮቢ ወንዝ አጠገብ አንድ ልጅ የጋለች ሞተሩ ላይ ጀሪካን ሙሉ ውሃ ሲደፋባት በአይኔ አይቻለሁ፣ ቸሽ ብላ በእንፋሎት ተሸፈነች፣ እሱ በረደችልኝ ብሎ ደስ ብሎት ሄደ፣ በማግስቱ ከቴስታታው (ከሲሊንደሩ ክዳን) ስር ዘይት ታነባ ጀመር። ከላይ ድንገት ሲቀዘቅዝ ውስጡ ገና እንደጋለ ነው፣ አንዱ ሲኮማተር ሌላው እንደተለጠጠ ይቀርና ብረቱ ይጣመማል ወይ ይሰነጠቃል። የጋለ ምጣድ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ብትደፋ እናትህ ምን እንደምትልህ ታውቃለህ አይደል፣ በቃ እሱ ነው።

አሁን ወደ ዋናው። ያንተ ሞተር ራዲያተርም ማራገቢያም የላትም፣ የሚያቀዘቅዛት ስትሄድ የሚመታት ንፋስ ነው፣ ሲሊንደሩ ዙሪያ የተደረደሩት ስስ ክንፎች አየር ካልነካቸው ጌጥ ናቸው። ባጃጆቹ ቀኑን ሙሉ ተሰልፈው ሳያጠፉ ይውሉ የለ እንዴ እንዳትል፣ የነሱ ኢንጂን ከኋላ ተደብቆ ስለሚቀመጥ የራሱ ማራገቢያ ተሰርቶለታል፣ ቆመውም ይነፍስላቸዋል። ላንተ ስትቆም የሚነፍስልህ የለም። ግን ይሄ እዛ ላለው ሞተር ሁሉ እኩል ነው፣ ያንተኑ አይነት እየነዱ ምንም የማይሆኑ ስንት ልጆች አሉ። ታዲያ ያንተዋ ለብቻዋ ምን ሆነች? እኔ የምጠረጥረው ከደብረ ብርሃን ይዘሃት የወረድከውን ነገር ነው።

እየው ደብረ ብርሃን ወደ 2800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት ሸዋሮቢት ደግሞ 1300 ገደማ፣ 1500 ሜትር ነው የወረድከው። ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ካርቦራተሩ (ቤንዚንና አየር የሚያደባልቀው) ሳይነካ ከተተወ ቤንዚኑ ካየሩ ይበዛል፣ ታጨሳለች፣ ነዳጅ ትበላለች። ያኔ መካኒክ ጋ ትሄድና "ቤንዚን በላችብኝ ቀንስልኝ" ትላለህ፣ እሱም ቤንዚን የሚያልፍባትን ቀዳዳ በጠባብ ይቀይርልሃል ወይ የሚክስቸሩን (የድብልቁን) ብሎን ይነካካልሃል፣ እዛው ደብረ ብርሃን ላይ ስራው ልክ ነው ሸጋ ትሄዳለች። ያቺኑ ይዘህ ጣርማበርን ታልፍና ቁልቁል ስትወርድ አየሩ እየወፈረ ይመጣል ቤንዚኑ ግን ያው የተቆነጠረው ነው። ቤንዚን ያነሰው ድብልቅ ደግሞ ኢንጂኑን ያግላል፣ በሚክስቸሩ ብሎን ከተቀነሰ ደግሞ በደንብ የሚታወቅህ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳትሰጣት ስትጮህ) እና ነዳጅ ትንሽ ትንሽ ብቻ ስትሰጣት ነው፣ ማለት ገበያ መሀል ስትንፏቀቅ። ሰው ግን ነዳጅ ቀነሰችልኝ ብሎ ይደሰታል ሀሀ

እኔን የበላኝ ይሄ ነው። አንድ ከሰአት ከሸዋሮቢት ወደ ደብረ ሲና ስወጣ ግማሽ ኩንታል ማሾ ጭኛለሁ፣ አንድ ዘመድ ደርቤያለሁ፣ ከፊቴ አንድ ተሳቢ እንደ ኤሊ እየተሳበ ነው፣ መታጠፊያው በዝቶ ማለፍ አልቻልኩም፣ እና አንደኛ ማርሽ ላይ ፍሪሲዮኑን (ኢንጂኑን ከማርሹ የሚለያየውን) ግማሽ ይዤ ግማሽ ለቅቄ ስንት ኪሎ ሜትር ተከተልኩት። በመሀል እንደ ቆሎ መንጣጣት ጀመረች፣ ብረት ድስት ላይ ቆሎ ሲንጣጣ የሚሰማውን አይነት፣ ጭነቱ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ከዛ ማርሹ ደረቀብኝ፣ ጉልበቷ ወረደ፣ አሁንም ዝም። ትንሽ ሄጄ ፒስተኑ ያዘና የኋላ ጎማ ችክ አለ፣ ፍሪሲዮን በደመነፍስ ስለያዝኩ ነው ሳንወድቅ የቀረነው። አርባ ደቂቃ ዳር ላይ ተቀምጠን ስትቀዘቅዝ ተነሳች፣ ግን ከዛ ቀን ጀምሮ ሰማያዊ ጭስ፣ መጨረሻ የፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ቅየራ። ሲከፈት ካርቦራተሯ ለደጋ እንደተጠበበ ነው፣ ዘይቷም ከግማሽ በታች ነበረች፣ ያ ደግሞ የሞተሯም የመካኒኩም ጥፋት አይደለም የኔ ነው፣ ጠዋት ጎንበስ ብዬ ባያት ኖሮ አይ ነበር።

ስለዚ ያንተዋን መጀመሪያ ካንዴላዋን (እሳት የምትረጨውን) ፈትተህ እይ። ጠዋት ቀዝቅዛ እያለ ሳይሆን፣ አስር አስራ አምስት ኪሎ ሜትር ነድተሃት አጥፍተህ ስትቀዘቅዝ ነው የምትፈታው፣ ሚኒሞ ላይ ስታስጮሃት ቆይተህ ብታያት ትዋሽሃለች። ጫፏ ማኪያቶ ከመሰለ ሰላም ነው፣ ጥላሸት ከሆነ ቤንዚን በዝቶባታል፣ እንደ ኖራ ነጭ ከሆነች ግን የነገርኩህ ነገር ነው። ነጭ ከሆነች ለሸዋሮቢት አየር እዛው ሸዋሮቢት ያለ መካኒክ ያስተካክልልህ፣ ፋብሪካ የገጠመላት ቀዳዳ ካለህ እሱን መልስ። ራስህ ብሎኑን ዝም ብለህ እንዳታዞር፣ አንዱ ካርቦራተር ወደ ቀኝ ሲዞር ቤንዚን ይቀንሳል አንዱ ይጨምራል። በዛውም ካርቦራተሩን ከኢንጂኑ የሚያገናኘውን ጎማ እይልኝ፣ ከተሰነጠቀ አየር ይሰርቅና ውጤቱ ያው ነው። ሌላ ደግሞ መንገድ ዳር በላስቲክ ጠርሙስ የሚሸጠውን ቤንዚን ተወው፣ ነጭ ጋዝ የተደባለቀበት ከደረሰህ ያ ቆሎ ድምፅ ሜዳ ላይም ይመጣል፣ ሙቀቱም አብሮ።

ሁለተኛ ከደጋ ይዘን የምንወርደው ጨርቅ ነው። ለደብረ ብርሃን ብርድ ብለን የፊት መከላከያ ብረቱ ላይ ሸራ ወይ የማዳበሪያ ከረጢት እናስር የለ፣ እግራችንን ይሸፍናል ኢንጂኑንም ይሸፍናል። ቆላ ይዘኸው ወርደህ ከሆነ ዛሬውኑ ፍታው። ጀሪካንና ከረጢትም ከጎን አንጠልጥለህ ኢንጂኑ ላይ አታስደግፍ። ጭቃውንም እጠበው፣ ክንፎቹ መሀል የደረቀ ጭቃ ብርድ ልብስ ማለት ነው። ስትቀዘቅዝ ታዲያ!

ከተማ ውስጥ ስትነዳ ደግሞ ግማሽ ፍሪሲዮን ይዞ መንፏቀቅን ተው፣ የፍሪሲዮኑ ፍትጊያ ራሱ ሙቀት ነው፣ የሚያቀዘቅዘውም ያው የኢንጂኑ ዘይት ነው። ከፊትህ ክፍተት እስኪገኝ ቆመህ ጠብቅና ስትሄድ ሙሉ በሙሉ ለቀህ ሂድ። ፍየልና ግመል መንገድ ሲያቋርጥ ከአንድ ደቂቃ በላይ የሚቆይ ከመሰለህ ፎሌ (ማርሹን ባዶ) አርገህ አጥፋት። ሰው ማጥፋት ማስነሳት ባትሪ ይጨርሳል ይላል፣ እግር ማስነሻ አላት አይደል እንዴ። ከባድ ዳገት ወጥተህ ስታበቃ ደግሞ ወዲያው ከማጥፋት ሜዳው ላይ ትንሽ ቀስ ብለህ ብትነዳት ንፋስ ያገኛታል። እኔ አሁን ሽቅብ ስወጣ ከመኪና ኋላ ከተያዝኩ ዳር ይዤ እቆማለሁ፣ መኪናው ይራቅ፣ ደብረ ሲና ስደርስ ደግሞ ቆሎ ገዝቼ እስክጨርሰው ሞተሯም ትቀዘቅዛለች።

ዘይት ያልከው፣ ወፍራም ስለሆነ ብቻ አያድንህም። ማኑዋሉ የሚልህን አድርግ፣ እኔ ውፍረቱ 20ደብልዩ50 የሚል የሞተር ሳይክል ዘይት ነው የማደርገው፣ ጣሳው ላይ ጃሶ ኤምኤ የሚል አለው፣ ለፍሪሲዮኑ ማለት ነው፣ አንዳንድ የመኪና ዘይት ፍሪሲዮን ያንሸራትታል፣ መንሸራተት ደግሞ እንደገና ሙቀት። የሚገባው ዘይት ወደ 1 ሊትር ስለሆነ ትንሽ እንኳ ስታጎድል ብዙ ነው። በየሳምንቱ ቀጥ አርገህ አቁመህ እይ፣ ከመስመሩ በላይ ደግሞ አትሙላ። እኔ ቆላ ከሆነ በ2000 ኪሎ ሜትር እቀይራለሁ፣ ይሄ የኔ ልማድ ነው።

ደግሞ አንድ ነገር፣ "ትጠፋለች" ያልከው ሙቀት ላይሆንም ይችላል። ስትጠፋ የታንከሩን ክዳን ክፈተው፣ ፍስስ ብሎ አየር ከሳበና ከትንሽ ቆይታ በኋላ ከተነሳች የክዳኑ መተንፈሻ በአቧራ ተደፍኖ ቤንዚን አልወርድ ብሎ ነው፣ በመርፌ የሚጠረግ ነገር። ክዳኑ ካልሆነ፣ ለካንዴላዋ እሳት የሚልከው ኮይል ስትሞቅ ብቻ እሳት የሚያጣበትም አለ፣ እንደጠፋች ካንዴላዋን በጓንት ፈትተህ ብልጭታ አላት የላትም እይ። የቫልቩም ክፍተት ጠብቦ ከሆነ ስትግል አልነሳ ትላለች፣ እሱ ቀዝቅዛ እያለ በመካኒክ ይለካል።

ራዲያተር ያላቸው ሞተሮች የያዛችሁ ይሄ የንፋስ ነገር ያን ያህል አይመለከታችሁም፣ ውሃችሁንና ፋኑን እዩ፣ ሲግል ክዳን አትክፈቱ፣ ፊታችሁ ላይ ነው የሚፈነዳው።

አንተ ነገ ሸራው ታስሮ እንደሆነ ፍታ፣ ዘይቷን እይ፣ ከዛ ካንዴላዋን ፈትተህ በቀን ብርሃን ፎቶ አንስተህ እዚሁ ልቀቅልኝና ቀለሟን አይቼ እነግርሃለሁ።